ሹመት የሸጠው ንጉሠ ነገሥትና የሃን ሥርወ መንግሥት ውድቀት

ቻይናን ለ400 ዓመታት ያህል የገዛው የሃን ሥርወ መንግሥት በይፋ ያከተመው እ.ኤ.አ በ220 ቢሆንም፣ ለመፍረሱ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ ከ168 እስከ 189 በነገሠው በንጉሠ ነገሥት ሊንግ ዘመን ነው።

የሊንግ የልደት ስሙ ሊዩ ሆንግ ሲሆን፣ ተወልዶ ያደገውም ከዋና ከተማዋ ከሉዎያንግ ርቆ ይኖር ከነበረ የንጉሣውያን ቤተሰብ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ንጉሠ ነገሥት ሁዋን ወራሽ ሳይተው በመሞቱ፣ ገና በ12 ዓመቱ በዙፋኑ እንዲቀመጥ ተደረገ።

በዚያው ዓመት የመንግሥቱ እንደራሴ ዶው ዉ እና አንጋፋው ሹም ቼን ፋን፣ ቤተ መንግሥቱን የተቆጣጠሩትን ጃንደረቦች ለማስወገድ ያቀዱት ዕቅድ አስቀድሞ ታወቀ። ጃንደረቦቹ በሕፃኑ ንጉሥ ስም ትእዛዝ በማውጣት ሁለቱንም ለሞት ዳረጓቸው፤ እነሱን ይደግፉ የነበሩ በርካታ ምሁራንም በቀጣዩ ዓመት ተገደሉ፤ ሌሎቹም ከሹመት ታገዱ።

በእነዚሁ ሰዎች እጅ ያደገው ሊንግ ጃንደረባውን ዣንግ ራንግን እንደ አባቱ፣ ዣኦ ጆንግን ደግሞ እንደ እናቱ እስከ መቁጠር ደርሶ ነበር።

ንጉሡ ከትምህርት የራቀ አልነበረም። የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት ለተማሪዎች ትክክለኛ ቅጂ ይሆኑ ዘንድ በድንጋይ ላይ እንዲቀረጹ እ.ኤ.አ በ175 አዝዟል።

ይሁንና እ.ኤ.አ በ178 የመንግሥት ሹመት በዋጋ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከፍተኛ ሹመት እስከ 20 ሚሊዮን፣ አነስተኛው 4 ሚሊዮን የመዳብ ሳንቲም ያወጣ ነበር። ገንዘብ ያጠረው ሰው በዱቤ ተሹሞ፣ ሥራውን ከጀመረ በኋላ እጥፍ ይከፍል ነበር። በዚህም የተነሳ አገረ ገዢው የከፈለውን ከገበሬው ለማስመለስ ይጣደፍ ጀመር።

በግብርና በችግር የተማረረው ሕዝብ እ.ኤ.አ በ184 ዣንግ ጁዌ በተባለ የሃይማኖት መሪና ፈዋሽ ተመርቶ በአመፅ ተነሳ። አመፀኞቹ በራሳቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ በማሰራቸው "ባለ ቢጫ ጥምጥሞች" ተብለዋል።

ዋናው የአመፁ ኃይል በዚያው ዓመት ቢደመሰስም ንጉሡ ከድርጊቱ አልታረመም። በቀጣዩ ዓመት የቤተ መንግሥቱ ክፍል በእሳት ሲወድም፣ ለማሠሪያ የሚሆን ተጨማሪ የመሬት ግብር በሕዝቡ ላይ ጣለ። እ.ኤ.አ በ188 ደግሞ አመፁን ለመግታት ሲባል የጦርና የአስተዳደር ሥልጣንን የጠቀለሉ አገረ ገዢዎች በክፍለ ሀገራቱ ተሾሙ፤ ሠራዊቱም ከማዕከላዊው መንግሥት እጅ መውጣት ጀመረ።

ሊንግ እ.ኤ.አ በ189 ወራሹን በግልጽ ሳይሰይም ሞተ። በዚያው ዓመት ጃንደረቦቹ የጦር አዛዡን ሄ ጂንን ገደሉ፤ ወታደሮቹም በበቀል ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈጁ። የጦር መሪው ዶንግ ዡዎ ዋና ከተማዋን ይዞ የሊንግን ታላቅ ልጅ ከዙፋን በማውረድ ታናሹን አነገሠ፤ በዓመቱም ሉዎያንግ ተቃጠለች።

በጦር መሪዎች እጅ የቆየው ይህ የመጨረሻው ንጉሥ ሺያን፣ እ.ኤ.አ በ220 ዙፋኑን ለትሳኦ ፒ አስረከበ። አባቱ ሹመትን ለገበያ ካቀረበ ከ42 ዓመታት በኋላ፣ የልጁ ዘውድ ያለ ዋጋ ከእጁ ወጣ።