የባርነት ስማቸውን ያልጣሉት ኦነሲሞስ ነሲብ

ሰው ክርስቶስን ከማወቁ በፊት የኖረበትን ዘመን ሲያስብ ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ ያለፈውን እንደ ነውር ቈጥሮ ይሸሽገዋል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ኋላ እየተመለከተ ይናፍቀዋል። ኦሪት ዘዳግም ግን ከሁለቱ የተለየ መንገድ ያስተምረናል። እግዚአብሔር እስራኤል በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ደጋግሞ ያዘዛቸው ሊያሳፍራቸው አይደለም፤ የተቤዣቸውን እንዳይረሱ፥ በመካከላቸውም ላለው ባሪያና መጻተኛ እንዲራሩ ነው። ይህን ትእዛዝ በሕይወታቸው ካሳዩት ያገራችን ሰዎች አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አካባቢ፥ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ ሕፃን ተወለደ። ወላጆቹም ሂካ ብለው ጠሩት፤ ትርጕሙ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፥ ከገበያ ወደ ገበያ እየተነዳ፥ በመጨረሻ እስከ ምፅዋ ደረሰ። በባርነቱም ጊዜ ነሲብ የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። እናቱ የጠራችው ስም ከሚሰማበት አገር ርቆ ነበርና፥ ሂካ ብሎ የሚጠራው አልነበረም።

በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነጻ አወጣውና በምፅዋ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በዚያም ፊደል ቈጠረ፤ ወንጌልንም ሰማ። መጋቢት 31 ቀን 1872 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ። የጥምቀት ስሙም ኦነሲሞስ ሆነ፤ ይኸውም ቅዱስ ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ስም ነው፤ ትርጕሙም ጠቃሚ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። ነጻ የወጣ ሰው ጌቶቹ ያወጡለትን ስም ጥሎ ቢሄድ ማን ይነቅፈው ነበር? ኦነሲሞስ ግን ነሲብ የሚለውን ስም አልጣሉም። እስከ ሞታቸው ድረስ ኦነሲሞስ ነሲብ ተባሉ። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ቆመው፥ አንደኛው ከየት እንደ ተወሰዱ፥ ሁለተኛው ወደ ማን እንደ መጡ ይመሰክራሉ።

ከ1876 እስከ 1881 ዓ.ም. በስዊድን አገር በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከተመለሱም በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘጋባቸውና ወደ እምኩሉ ተመለሱ። የተዘጋው መንገድ ሌላ ሥራ ከፈተላቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ከባድ ችግር ነበረባቸው። ከአገራቸው በልጅነት የወጡ ናቸውና፥ የአዋቂውን ሰው ቋንቋ ሙሉ በሙሉ አልቀሰሙም ነበር። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ሌላዋን ነጻ የወጣች ባሪያ አስቴር ጋኖን ሰጣቸው። እርስዋ በ1886 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ተርፋ ወደ እምኩሉ የመጣች ነበረች። በልጅነትዋ የሰማቻቸውን ዘፈኖች፥ ተረቶችና ምሳሌዎች አልረሳችም፤ እየጻፈች ሰበሰበቻቸው፤ የቋንቋውንም ቃላት ለትርጕሙ ሥራ አቀረበች። አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. ታተመ፤ ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ዓ.ም. ወጣ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ወላጆቹ ተርጓሚ ብለው የጠሩት ልጅ በእውነት ተርጓሚ ሆነ።

ታዲያ ስለ ባርነት እናመስግን እያልን ነውን? አይደለም። ሰውን መሸጥ ኀጢአት ነበር፤ ኀጢአትም ሆኖ ይኖራል። የዮሴፍ ወንድሞች ያደረጉት፥ ፍጻሜው ስላማረ ደግ ሥራ አልሆነም። የምናመሰግነው፥ ክፉዎች ሊነጥቁት ያልቻሉትን እግዚአብሔር ስለ ጠበቀልን ነው። ኦነሲሞስንና አስቴርን ባርነት ከአገራቸው ወሰዳቸው፤ የእናታቸውን ቋንቋ ግን ከአፋቸው ሊወስድ አልቻለም። ወንጌልን ሳይሰሙ የተማሩት ቃል፥ በኋላ ወንጌል የተነገረበት ቃል ሆነ። ያን ዘመን እንደ ከንቱ ቈጥረው ጥለውት ቢሆን ኖሮ፥ የሚተረጐምበት ቋንቋ ከየት ይገኝ ነበር?

በ1904 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ገቡ፤ በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሉአቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። በ1906 ዓ.ም. ግን ስለ ትምህርታቸው ተከሰሱ፤ አጼ ምኒልክም በነቀምቴ እንዲቀመጡ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። ኦነሲሞስ ታዝዘው በትምህርት ቤታቸው ጸኑ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጡአቸው፤ ከዚያም ወዲያ ሥራቸውን አላቋረጡም። እሑድ ሰኔ 21 ቀን 1931 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ እኛስ? ከመካከላችን ከቃልቻ ቤት የወጣ አለ፤ ከስካርና ከጠብ የወጣ አለ፤ በክርስትና ስም ብቻ ኖሮ ጌታን ዘግይቶ ያወቀም አለ። ያን ዘመን አንሸሽገው፤ አንናፍቀውም። እናታችን ያስተማረችንን ቋንቋ፥ አባታችን ያሳየንን እርሻ፥ ጎረቤት ያካፈለንን እንጀራ፥ ገና ሳናውቀው ጌታ ያዘጋጀልን ስጦታ ነው ብለን በፊቱ እናቅርበው። ዛሬ በጨለማ ያለውንም ሰው ስናይ አንናቀው፤ እኛም ከዚያ የወጣን ነንና። የቀድሞ ስማችንን የሚያውቅ ጌታ፥ አዲሱንም ስም የሰጠን እርሱ ነው። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።