ኮሊን ቻፕማንና የክብደት ቅነሳ ዋጋ

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ለንደን አጠገብ በሪችመንድ በ1928 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ተወለደ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማረው የመዋቅር ምሕንድስናን እንጂ የመኪና ሥራን አልነበረም። ስለዚህም መኪናን የተመለከተው እንደ ድልድይ ነው፤ ጭነት የማይሸከም ብረት ሁሉ ለእርሱ ራሱ ጭነት ነበር።

በ1952 ሎተስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እምነቱን እስከ መጨረሻው የፈተነው ግን በ1957 ለሕዝብ በታየችው ኤሊት ነው። ኤሊት፣ በውስጧ ከተቀበሩት ጥቂት የብረት ማጠናከሪያዎች በቀር፣ ሻንሲ የሚባል አልነበራትም፤ ሸክሙን ሁሉ የተሸከመው የፋይበርግላስ አካሏ ነው። ከዚህም የተነሣ በ1216 ሲሲ ሞተር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከእኩዮቿ ጋር ተሰልፋ በክፍሏ ደጋግማ አሸንፋለች። ቀላል መኪና በአነስተኛ ኃይል ይፈጥናል፣ በአጭር ርቀት ይቆማል፣ በጠመዝማዛ መንገድም ለመሪው ፈጥኖ ይታዘዛል። ነገር ግን ያው አካል የሞተሩን ድምፅ እንደ ከበሮ ያጐላው ነበር፤ ዲፈረንሻሉ የታሰረበት ቦታ እየተላቀቀ አስቸገረ፤ የበሮቿ ቅርጽ ስለማይፈቅድም መስኮቶቿ ወደ ታች አይወርዱም። በበጋ ለሚነዳት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

በ1962 በወጣችው ኤላን ቻፕማን ከንድፈ ሐሳቡ ጥቂት አፈገፈገ። ከታጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ፣ እንደ ጀርባ አጥንት መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሻንሲ አገባባት። በስሌት ንጽሕና ኤሊት ትበልጣለች፤ በአገልግሎት ግን ኤላን የተሻለች ሥራ ናት።

በውድድር ሜዳ የስሕተቱ ዋጋ ሌላ ነበር። በ1960 በቤልጅግ፣ በልምምድ ሰዓት፣ የስተርሊንግ ሞስ ሎተስ ጎማዋ ወለቀ፤ በዚያው ዕለት የማይክ ቴይለር መሪ ተሰበረ፤ ሁለቱም ክፉኛ ቈሰሉ። በ1969 በባርሴሎና የሁለት ሎተሶች ከፍ ብለው የተተከሉ ክንፎች በሩጫው መካከል ተሰበሩ። በ1970 ደግሞ ዮኸን ሪንት በሞንዛ ሞተ። በሎተስ 72 የፊት ፍሬኖች ሰስፔንሽኑ የማይሸከመውን ክብደት ለመቀነስ ወደ መኪናዋ መሐል ገብተው በዘንግ ተያይዘው ነበር፤ የተሰበረው ያ ዘንግ ነው። የመንገዱ መከላከያ ብረት በደንብ አለመታሰሩ ለሞቱ አስተዋፅኦ ቢኖረውም፣ የአደጋው መነሻ ከንድፉ ጋር የተያያዘ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሪንት ከሞቱ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ።

በቻፕማን ዘመን ሎተስ በፎርሙላ አንድ የሠሪዎችን ሻምፒዮና ሰባት ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻው በ1978 የተገኘው ነው። እርሱም በ1982 በ54 ዓመቱ በልብ ድካም አረፈ። ቀላሏ ሰቨን ግን መብቷ በ1973 ለኬተራም ተሸጦ፣ ቅርጿ ብዙም ሳይለወጥ ዛሬም ትሠራለች።