ከመድረክ ወደ አውራጃ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና ጨርጨር

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም በሁለት የጥናት ዘርፎች ተከፍሎ ይገኛል። የቴአትር ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ደራሲ መሆናቸውን ያነሣሉ። የፖለቲካ ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆናቸውን ይጽፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የጨርጨር አገረ ገዥነታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሦስቱን ሥራዎች ዝምድና ይመረምራል። ተክለ ሐዋርያት በመድረክ እንዳይናገሩት የተከለከሉትን ሐሳብ በአስተዳደር ሠርተው ለማሳየት መሞከራቸውን፣ ሙከራው የተገታበት ምክንያትም ተውኔቱን ካስቆመው ምክንያት ብዙም የራቀ አለመሆኑን ያስረዳል።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሳያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከሩሲያዊው ኒኮላይ ሊዮንቲየቭ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያም ቋንቋውን ተምረው፣ በመኳንንት ቤተሰብ መካከል አድገው፣ በመድፈኛነት ሠለጠኑ። የእርሻ ትምህርት የተከታተሉት ከዚያ በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሐሳብ የሩሲያና የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ፣ በሙያ ወታደርና የእርሻ ሰው ነበሩ። ለአገሩ ባህል በከፊል እንግዳ መሆናቸው ብዙ ጉድለት እንዲታያቸው አድርጓል፤ ጉድለቱን በትዕግሥት እንዲያልፉት ግን አላስቻላቸውም።

የመጀመሪያው የአደባባይ ተግሣጻቸው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ተውኔት ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል፣ መኳንንቱ በተገኙበት ታየ። ታሪኩን የወሰዱት በተለይ ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ሲሆን፣ የሚናገሩት ገጸ ባሕርያት አውሬዎች ነበሩ። አውሬን አናግሮ ሰውን መምከር በአገሩ የተረት ልማድም የታወቀ ስለሆነ ተመልካቹ ፍቺውን ለማግኘት አልተቸገረም። በመድረኩ ላይ የሹማምንቱ ስንፍና፣ ጉቦና ኋላ ቀርነት ተነቀፈ። ቤተ መንግሥቱም ነገሩን ስለተረዳ ተውኔቱ ታገደ፤ የታተሙት ቅጂዎችም ተሰበሰቡ። የቴአትር መድረክ እንደገና የተነቃቃው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ በዮፍታሔ ንጉሤና በእኩዮቻቸው ሥራዎች ነው። ተክለ ሐዋርያት የከፈቱት መንገድ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ ማለት ነው።

እርሳቸው ግን ተውኔትን ትተው ወደ አስተዳደር ተመለሱ። ቀደም ሲል ጅጅጋን ያስተዳደሩ ሲሆን፣ በማስታወሻቸው እንደሚገልጹት የከተማዋን ቀጥ ያሉ መንገዶች የቀየሱት ራሳቸው ናቸው። ፋቡላ ከታገደ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጨርጨር አገረ ገዥ ሆኑ። ጨርጨር ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ የተመቸ ነበር። ደጋው ቡናና እህል ያበቅላል፤ ከሥሩ ባለው ቆላ በሚኤሶና በአፍደም በኩል የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የአካባቢው ምርት ወደ ወደብ የሚወርድበት መንገድ አጥሮ ነበር። ወደ ሚኤሶ ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የአውራጃው መቀመጫ ሆና የተመሠረተችው ከእርሳቸው አስተዳደር ጋር ተያይዞ ነው። ተክለ ሐዋርያት ሹም ከገባር የሚጠይቀው በልክ እንዲወሰን፣ ግብርና አገልግሎትም በደንብ እንዲመራ ሠሩ። አውራጃውም ለሌሎቹ ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ታሰበ። ከእርሳቸው በኋላ በ1920ዎቹ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ሥራውን በዚያው መንፈስ ቀጠሉበት።

አርአያ የመሆን ሐሳብ በራሱ ከመድረክ ጋር ይዛመዳል። በፋቡላ ለመኳንንቱ የታየው ስሕተታቸው ነበር፤ በጨርጨር ሊታያቸው የተፈለገው ስሕተቱ ሲታረም ምን እንደሚመስል ነው። በሁለቱም ጊዜ ትምህርቱ የታሰበው ለገዥው መደብ ነበር። የጥያቄው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። ጨርጨር በ1870ዎቹ መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የተያዘ የኢቱ ኦሮሞ አገር ሲሆን፣ መሬቱ ለወታደርና ለሹም ተደልድሎ፣ ገበሬው ገባር ሆኖ ነበር። የተክለ ሐዋርያት ደንብ የገባሩን ሸክም ለመለካት ሞከረ እንጂ ገባርነቱን አልሻረም። ገበሬው በአርአያነቱ ሥራ የማሻሻያው ተቀባይ ነበር፤ በደንቡ አወጣጥ ላይ ግን ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ አስተዳደሩን ከዘመኑ ልማድ ጋር ያነጻጸረ ተመራማሪ የተሻለ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከገበሬው ወገን ሆኖ የመረመረው ግን ጎደሎነቱን ያያል። ሁለቱም ፍርዶች እውነት ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይገባም።

ይኸው ገደብ በታላቁ የጽሕፈት ሥራቸውም ይታያል። ተክለ ሐዋርያት በበጅሮንድነት የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። አርአያው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። በሩሲያ ትምህርት ላይ ሳሉ ጃፓን ሩሲያን በጦርነት ማሸነፏን ያዩት ተክለ ሐዋርያት፣ እንደ ሌሎች የዘመኑ ምሁራን ሁሉ፣ አንድ የእስያ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት በአንድ ትውልድ ዕድሜ የደረሰበት ደረጃ ለኢትዮጵያም የሚቻል መስሎ ታይቷቸዋል። ይሁን እንጂ ጃፓን ከሕገ መንግሥቷ በፊት የመሳፍንቱን ግዛትና የመሬት ግብሩን ሥርዐት ለውጣ ነበር። በኢትዮጵያ ሰነዱ ቀደመ፤ የመሬቱ ሥርዐት ባለበት ቆየ። ሥልጣንም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ይበልጥ ተጠቃለለ።

የፋሺስት ጣሊያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን ጉዳይ አቀረቡ። በ1928 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ውጭ መውጣት ተቃወሙ፤ በኋላም ራሳቸው በጅቡቲና በኤደን በኩል እስከ ማዳጋስካር ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ወዲያው አልተመለሱም፤ የተመለሱት በ1940ዎቹ ነው። ያን ጊዜም ከሹመት ይልቅ የምዕራብ ሐረርጌዋን ሂርናን መርጠው በእርሻ ሥራ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ ያገለገሉት ዘውዳዊ መንግሥት ወድቆ፣ በደንብ ሊገሩት የሞከሩት የመሬት ሥርዐትም በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ተሽሮ ነበር።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተውኔትን፣ አውራጃንና ሕገ መንግሥትን ለአንድ ዓላማ ተጠቅመዋል፤ ዓላማውም ገዥውን መደብ አስተምሮ አገርን ማሻሻል ነው። ሦስቱም ሥራዎች የቆሙት በቤተ መንግሥቱ ፈቃድ ላይ ስለነበር፣ ፈቃዱ በቆመበት ቆመዋል። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ራሱ ሐሳቡን ለአልጋ ወራሹ የሚሰጥ እንጂ ደክሞ የሠራውን አገረ ገዥ ወይም ነባሩን ገበሬ የሚያስታውስ አልነበረም። ዛሬ ከተማዋ ጭሮ ተብላ ስትጠራ፣ የምሥረታዋ ታሪክም ከሹማምንቱ ማስታወሻ አልፎ ከአካባቢው አረጋውያን ቃል ሊሰበሰብ ይገባል። የጨርጨር አስተዳደር ሙሉ ታሪክ የሚጻፈው ሁለቱ ምንጮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።