አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ኅዳር 15 ቀን የምንጀምረው ጾመ ነቢያት የጥበቃ ጾም ነው። ነቢያት የጌታን ሰው መሆን ከሩቅ ተስፋ እያደረጉ ጾሙ፤ በዓይናቸው ሳያዩትም አረፉ። በዚሁ ጾም ውስጥ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ የአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መታሰቢያ አለ። ስለ ጵጵስናቸው ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምታችኋል። ዛሬ ግን ከጵጵስናው በፊት ያሉትን ዓመታት እስኪ አብረን እንያቸው። ስለት ተስላችሁ፣ ሱባኤ ገብታችሁ መልሱ ለዘገየባችሁ ሁሉ እነዚያ ዓመታት የሚነግሯችሁ ነገር አላቸው።

የቀድሞ ስሙ ፍሬምናጦስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን (በእኛ መጻሕፍት ሲድራኮስ የሚባለውን) ይዞ ሩቅ አገር ሊያሳያቸው በመርከብ ወጣ። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ባሕሩ ዳር ቆሙ። የአገሩ ሰዎች ግን ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና መርከቧን ወርረው ሰዎቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ሕፃናት ናቸውና ታዘነላቸው፤ ለአክሱም ንጉሥም ተሰጡ።

እዚህ ላይ ቶሎ ብላችሁ አትለፉ። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ የእግዚአብሔር ጥበብ ነው ብለን እናልፋለን፤ እውነትም ነው። ልጁ ግን መጨረሻውን የት ያውቃል? አሳዳጊው ሞቷል፤ አብረውት የተሳፈሩት ሞተዋል፤ አገሩ ከባሕር ማዶ ነው፤ በዙሪያው የሚነገረው ቋንቋ አይገባውም። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ለዚህ ነው ብሎ ለልጁ የገለጠለት ሰው እንደነበረ አልጻፈም። የተሰጠው ሥራ ብቻ ነው። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ደግሞ አስተዋይ ነበርና ሒሳብ ያዥና ጸሐፊ ተደረገ። የሰው አገር ሒሳብ፣ የሰው ንጉሥ ደብዳቤ! እርሱ ግን በታማኝነት ያዘው።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለቱን ነፃ ለቀቃቸው፤ ወደፈለጉበት መሄድ ይችላሉ። ስንት ሌሊት የተለመነ ቀን ይሆን? ንግሥቲቱ ግን አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ስለነበረ እስኪያድግ ድረስ አብረዋት መንግሥቱን እንዲያስተዳድሩ ለመነቻቸው። ባሪያ ሆኖ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ምን ምርጫ አለ? በሩ ተከፍቶ፣ መንገዱ ታይቶ፣ ለሌላ ሰው ልጅ ሲባል መቆየት ግን ከባድ ነው። እነርሱ ቆዩ።

ፍሬምናጦስ በእነዚያ ዓመታት ምን ሠራ? ለንግድ ወደ አክሱም የሚመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኘ። የሚሰበሰቡበትና የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ አደረገ፤ የጸሎት ቤት እንዲሠሩም አበረታቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። እኔን እንደውም ከጵጵስናው ይልቅ ይሄ ነው የሚያስደንቀኝ። ገና ጳጳስ አይደለም፤ ቤተ መንግሥት የሚሠራ ምእመን ነው። እኛ እኮ ትዳር ስይዝ፣ ሥራ ሳገኝ፣ ውጭ ስወጣ ያኔ አገለግላለሁ እያልን ነው ዕድሜያችንን የምንጨርሰው። እርሱ የጠበቀው እጁን አጣጥፎ አልነበረም፤ ሒሳቡን እየያዘ፣ ሕፃኑን እያሳደገ፣ ለእንግዶቹ ክርስቲያኖች መጠጊያ እያዘጋጀ ነው።

ሕፃኑ አድጎ ነገሠ። የታሪክ ሰዎች ኢዛና ነው ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃ ትለዋለች። ሁለቱም አደራቸውን አስረክበው ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ገሰገሰ። አትፍረዱበት፤ እዚያ ቄስ ሆኖ እግዚአብሔርን አገልግሏል፤ ይህን ሁሉ ለሩፊኖስ የነገረውም እርሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ቤተሰቡን ለማየት አልቸኮለም፤ ወደ እስክንድርያ ሄደ። በዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. የተሾመው 20ኛው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ነበረ። በአክሱም ምእመናን እንዳሉ፣ እረኛ ግን እንደሌላቸው ነገረው፤ ጳጳስ እንዲልክላቸውም ለመነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ከአባቶች ጋር መክሮ ከእርሱ የሚሻል ሰው አላገኘም። ሌላ ሰው እንዲላክ የለመነው ራሱ ተሾሞ ወደመጣበት ተመለሰ። የተማረከበት አገር ሀገረ ስብከቱ ሆነ፤ ሕዝቡም ከሣቴ ብርሃን፣ አባ ሰላማ ብሎ ጠራቸው።

ታዲያ መጠበቁ በሹመት አበቃ? አላበቃም። በ356 ዓ.ም. ገደማ አርዮሳውያንን የሚደግፈው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ቅዱስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው። ለኢዛናና ለወንድሙ ሳይዛናም አባ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተልከው በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመሩ ደብዳቤ ጻፈ። የሾማቸው አባት በረሃ ለበረሃ ተደብቆ፣ የእርሳቸው ስም በቄሣር ደብዳቤ ላይ ሰፍሮ ደግሞ ሌላ የጥበቃ ዘመን መጣ። አክሱም ግን አባቷን አሳልፋ ሰጠች የሚል ታሪክ የለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በኒቅያ ሃይማኖት ጸንታ ቆየች።

የዕረፍታቸው መታሰቢያ ሐምሌ 26 ቀን ነው። በኢዛና ዘመን በተሠሩት የቀድሞ ሳንቲሞች ላይ የጨረቃ ምልክት ነበረ፤ በኋለኞቹ ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ተቀርጿል። በልጅነታቸው የአክሱምን ንጉሥ ሒሳብ ሲይዙ የኖሩት አባት የመስቀሉን ገንዘብ ለማየት በቁ።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።