መንገዱን የሠራው፣ ሳጥኑን የሸሸገው ገዥ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1931 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ገበሬዎች እጅግ ብዙ ጥጥ ቢያመርቱም ምርቱ ገበያ ላይ የሚያነሳው አጥቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት 17 ሳንቲም ገደማ ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ ጥጥ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ፣ ወደ 6 ሳንቲም ወርዷል። ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረውን እንኳ መመለስ አልቻለም።

በዚህ መካከል የሉዊዚያና ግዛት ገዥ ሂዊ ሎንግ አንድ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። በመጪው 1932 ማንም ገበሬ አንዲት ፍሬ የጥጥ ዘር እንዳይዘራ በሕግ ይከልከል የሚል ነበር። ጥጥ አንድ ዓመት ሙሉ ካልተመረተ የተከማቸው ያልቃል፣ ዋጋውም ይነሣል። ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ገበያው የሚሆነውን ያየ ሰው ሐሳቡን ሞኝነት አይለውም። ሎንግ የግዛቱን ምክር ቤት በአስቸኳይ ጠርቶ ሕጉን አስጸደቀ፤ ፊርማውንም ያኖረው አልጋው ላይ ሆኖ፣ ከጥጥ የተሰፋ የሌሊት ልብስ ለብሶ ነበር።

ነገር ግን ሕጉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሥራ ላይ የሚውለው ከአገሪቱ ጥጥ ሦስት አራተኛውን የሚያመርቱ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ካወጡ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ጥጥ የምታመርተው ቴክሳስ ሐሳቡን ውድቅ አደረገች። ሎንግ የቴክሳስን የሕግ አውጪዎች ጉቦ በልተዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ እነርሱም በውሳኔ ሐሳብ ውሸታም አሉት። በ1932 ጥጥ እንደወትሮው ተዘራ። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ያገኘው የዋጋ ጭማሪ አልነበረም፤ ሊረዳኝ የሞከረ ብቸኛው ሹም ይህ ነው የሚል እምነት ግን አተረፈ። ይህ እምነት ለሎንግ ከጥጥ ዋጋ በላይ የሚጠቅም ነበር።

ሂዊ ፒርስ ሎንግ የተወለደው ነሐሴ 30 ቀን 1893 በሰሜን ሉዊዚያና በምትገኘው ዊን አውራጃ ነው። አፈሩ ስስ፣ ጥድ የበዛበት፣ ሕዝቡም ለትልልቅ እርሻ ባለቤቶች አንገቱን መድፋት የማይወድ አካባቢ ነበር። ሎንግ ከፍ ካለ በኋላ በድህነት ማደጉን ደጋግሞ ይተርክ ነበር። እውነቱ ትንሽ ይለያል። አባቱ በቂ መሬትና ከብት የነበረው ገበሬ ነው፤ ቤተሰቡም ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር የተሻለ ኑሮ ይኖር ነበር። ድህነቱ የአውራጃው እንጂ የቤቱ አልነበረም። እርሱ ግን የጎረቤቶቹን ችግር የራሱ አድርጎ መናገርን ገና በወጣትነቱ ተማረ።

የንግግር ትምህርት ቤቱ ንግድ ነበር። ከጥጥ ፍሬ ዘይት የሚሠራ የማብሰያ ስብ ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሸጥ ጀመር። የዚያ አገር ባልቴቶች የለመዱት በአሳማ ስብ መጋገርን ነው። ወጣቱ ሻጭ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ የአሳማ ነገር ለእስራኤል ልጆች የተከለከለ መሆኑን ያስረዳቸው ነበር ይባላል። ዕቃውን ለማስተዋወቅ የኬክ ጋገራ ውድድርም ያዘጋጅ ነበር፤ ሚስቱን ሮዝን ያገኛትም እንዲህ ባለ ውድድር ነው። ቆየት ብሎ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሕግ አጠና፤ በ1915 ፈተናውን አልፎ ጠበቃ ሆነ። በ1918 ደግሞ ገና 25 ዓመቱ ሳለ ባቡርን፣ ስልክንና የነዳጅ ቱቦን በሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን ተመረጠ። የስልክ ኩባንያው ዋጋ በመጨመሩ ተሟግቶ ለደንበኞች ገንዘብ እንዲመለስ አድርጓል። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ በገጠር ገነነ።

በ1924 ለገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በምርጫው ዕለት ዝናብ ጥሎ ደጋፊዎቹ የነበሩት ገበሬዎች ጭቃውን አልፈው ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሳይደርሱ ቀርተዋል። በ1928 ተመልሶ መጣና አሸነፈ።

ሕዝቡን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳይ አንድ ወግ ከዚያ ዘመን ቀርቷል። የሉዊዚያና ሰሜን ፕሮቴስታንት፣ ደቡቡ ደግሞ ካቶሊክ ነው። ሎንግ በደቡብ ሲሰብክ፣ በልጅነቱ እሑድ በማለዳ ፈረሱን ጋሪ ላይ ጠምዶ ካቶሊክ አያቶቹን ወደ ቅዳሴ፣ ረፈድ ሲል ደግሞ ባፕቲስት አያቶቹን ወደ ጸሎታቸው ያደርስ እንደነበር በፍቅር ይተርካል። አብሮት የሚዞር አንድ ፖለቲከኛ ተገርሞ ካቶሊክ አያቶች እንዳሉት አለማወቁን ሲነግረው፣ ሎንግ ፈረስም እንኳ አልነበረንም ብሎ መለሰለት ይባላል። ወጉ በአገሩ ሰው ዘንድ የሚነገረው በሳቅ ነው፤ ብዙ ሹማምንት የሚታሙበትን ነገር እርሱ በጨዋታ ያልፈው ነበር።

የሎንግ ታሪክ ለመፍረድ የሚያስቸግረው ከቃሉ ብዙውን በእርግጥ ስለፈጸመ ነው። ሥልጣን ሲይዝ በመላዋ ሉዊዚያና በአስፋልት ወይም በኮንክሪት የተነጠፈው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድና ከ100 በላይ ድልድዮች ተሠሩ። የአሠራሩ ብልሃት ልዩ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አውራጃ የማይበቃ ሲሆን በየአውራጃው ጥቂት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ አስነጠፈ። ገበሬው ጋሪውን ከጭቃው አውጥቶ ለትንሽ ጊዜ በለስላሳው ላይ ይነዳል፣ ከዚያ እንደገና ጭቃ ውስጥ ይገባል። ቀሪውም እንዲነጠፍለት ድምፁንና ግብሩን ለመስጠት ከዚህ የበለጠ ስብከት አላስፈለገውም። የመኸር ምርቱን ጭኖ ጥርጊያ መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል።

የትምህርት ቤት መጻሕፍትም እንዲሁ። ከመሬት በሚወጣ ነዳጅና ጋዝ ላይ ከተጣለ ግብር በተገኘ ገንዘብ ለልጆች ሁሉ መጻሕፍት በነፃ ታደሉ፤ ተቃዋሚዎች እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውት በ1930 ተረቱ። በማታ ትምህርት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶች፣ ነጮችም ጥቁሮችም፣ ማንበብ ተማሩ። በ1934 ደግሞ ድሆችን ከድምፅ መስጫ ያራቀው የምርጫ ግብር ተሻረ። ይሁን እንጂ ጥቁሮችን ከምርጫ ያገደውን ሌላውን የሕግ አጥር አልነካውም። ሁሉም ሰው ንጉሥ ነው የሚለው ዝነኛ መፈክሩ በተግባር እነርሱን አይጨምርም ነበር።

ለዚህ ሁሉ ሥራ የተከፈለው ዋጋ በአደባባይ አይነገርም ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከመንገድ ጠራጊው ጀምሮ፣ ከደመወዛቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ለሎንግ የፖለቲካ ድርጅት እንዲያዋጡ ይደረግ ነበር። ገንዘቡ የሚጠራቀመው በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አገሬው የተቀናሽ ሳጥን ይለዋል። እንቢ ያለ ሠራተኛ ሥራውን ያጣል። ባለጸጎች ሕዝቡን ያልባሉ እያለ የሚጮኸው ሰው የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ይነካ ነበር።

በ1929 ስታንዳርድ ኦይል በተባለው ኃያል ኩባንያ ማጣሪያዎች ላይ በበርሜል 5 ሳንቲም ግብር ለመጣል ሲነሣ ተቃዋሚዎቹ ተባበሩና ከሥልጣን ሊያነሡት ክስ መሠረቱበት። ከክሶቹ መካከል ጉቦና የመንግሥት ገንዘብ ያላግባብ መጠቀም ይገኙበታል። ማስረጃው ተሰምቶ ሳያልቅ 15 ሴናተሮች የቀረበው ማስረጃ ምንም ይሁን ምን ጥፋተኛ አንለውም ብለው ፈረሙለት፤ ለፍርድ የሚያስፈልገው ድምፅ ስለማይሞላ ክሱ ወደቀ። ከፈራሚዎቹ በርከት ያሉት ኋላ ሹመትና ጥቅም አግኝተዋል። የግብሩ ፍጻሜም ሊታወስ ይገባል። ሎንግ 5 ሳንቲሙን በ1934 መጨረሻ በሕግ አስጸደቀ። ወራት ሳይሞላው ግን ኩባንያው በብዛት የሉዊዚያናን ድፍድፍ ካጣራ ከአምስቱ አራቱ ሳንቲም እንዲመለስለት ተስማማ። በመድረክ ላይ ኩባንያውን መውገዙን ግን አላቋረጠም። በዚያው በ1934 ወዳጆቹ የመንግሥትን መሬት የነዳጅ ኪራይ ውል እየያዙ የሚያተርፉበት ዊን ኦር ሉዝ የተባለ የነዳጅ ኩባንያ አቋቋሙ። ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ እርሱ ራሱ ነበር።

በ1932 መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን ሄዶ የሴናት ወንበሩን ያዘ። የሉዊዚያና ገዥነት ስም ኦስካር አለን ለተባለው የልጅነት ወዳጁ ተሰጠ፤ ሥልጣኑ ግን ከሎንግ እጅ አልወጣም። ነፋስ አንድ ቅጠል በመስኮት አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ ቢጥልበት አለን ፈርሞ ያልፈዋል የሚለው ቀልድ የመጣው ከሎንግ ከገዛ ወንድሙ ነው። ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ በአንድ ዓመት ጥቂት ጊዜ ውስጥ የግዛቱ ምክር ቤት ለሰባት ልዩ ጉባኤዎች ተጠርቷል። አባላቱ ያላነበቧቸውን ሕጎች በደቂቃዎች ውስጥ በጅምላ ያጸድቁ ነበር። በእነዚያ ሕጎች የከተማና የአውራጃ ሹመት፣ የፖሊስና የመምህራን ቅጥር ሳይቀር በገዥው ሥር ገባ። እርሱን በሚተቹ ትልልቅ ጋዜጦች ማስታወቂያ ላይ የ2 በመቶ ግብር ተጣለ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሕግ የሻረው ሎንግ ከሞተ በኋላ በ1936 ነው።

በየካቲት 1934 ሎንግ በራዲዮ ሀብታችንን እንካፈል የተባለውን ዕቅዱን ለአገሩ አወጀ። የሚሊየነሮች ሀብት ገደብ ይበጅለታል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤት፣ መኪናና ራዲዮ የሚገዛበት 5 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ አረጋውያን ጡረታ፣ ወጣቶች የነፃ ኮሌጅ ትምህርት ይኖራቸዋል፤ የገበሬውን ትርፍ ምርት መንግሥት ያከማቻል። ሚሊዮኖች የዕቅዱ ክበብ አባል ለመሆን ተመዘገቡ፤ መዋጮ አይጠየቅም ነበር። የሚናገረው ችግር እውነት ነው፤ በዚያ የረሃብ ዘመን ጥቂቶች ብዙውን ይዘው ነበር። ስሌቱ ግን አይሠራም። የባለጸጎቹ ሀብት በካዝና የተቀመጠ ብር ሳይሆን ፋብሪካ፣ ባቡር ሐዲድና ሕንፃ ነው። የቅርጫ በሬ ታርዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ የእርሻ በሬ ግን ተከፋፍሎ አያርስም። ሎንግ በራዲዮ ስለዚህ ጥያቄ አያነሣም፤ ሲጠየቅም በቀልድ ያልፈዋል።

ይህ ዘጋቢ ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። ሎንግ ለአሜሪካ አረጋውያን ሁሉ ጡረታ ቃል በሚገባበት ወቅት በሉዊዚያና የፈለገውን ሕግ በአንድ ቀን ማጸደቅ ይችል ነበር። ምክር ቤቱ፣ ገዥውና ግብር ሰብሳቢው የእርሱ ናቸው። ሆኖም እርሱ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሉዊዚያና ለአረጋውያን የጡረታ ሥርዓት አልነበራትም፤ ለሥራ አጦችም መድን አላቋቋመችም። ሥልጣኑ በሚደርስበት ቦታ ያላደረገውን፣ ሥልጣኑ በማይደርስበት ቦታ ቃል ይገባ ነበር።

በ1936 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ለመፎካከር ይዘጋጃል ሲባል፣ መስከረም 8 ቀን 1935 ባቶን ሩዥ ውስጥ ራሱ ባስገነባው ባለ 34 ፎቅ የምክር ቤት ሕንፃ ኮሪደር ላይ ተተኮሰበት። ተኳሹ ካርል ዋይስ የተባለ ወጣት ሐኪም መሆኑ ተነገረ፤ አማቱ ዳኛ ነበሩ፤ የዚያን ዕለትም የዳኛውን የምርጫ ወረዳ በመለወጥ ከወንበራቸው የሚያነሣ ሕግ እየተሠራ ነበር። ጠባቂዎቹ ሐኪሙን እዚያው ስለገደሉት ነገሩ በፍርድ ቤት አልታየም፤ ገዳዩ ጥይት የማን ነው የሚለው ክርክርም ጨርሶ አልቆመም። ሎንግ ከሁለት ቀን በኋላ በ42 ዓመቱ አረፈ። ለቀብሩ ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። ብዙዎቹ የተጓዙት እርሱ ባስነጠፈው መንገድ ነው።

የተቀናሹ ሳጥን የት እንደገባ አልታወቀም። ወራሾቹ ከዋሽንግተን ጋር ለመታረቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ሀብታችንን እንካፈል የሚለውን ዕቅድ ጣሉ፣ የፌዴራሉ ገንዘብም ወደ ግዛቱ መፍሰስ ጀመረ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሪቻርድ ሌቼ በ1936 ገዥ ሆኖ በ1939 በሙስና ቅሌት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኋላም ታሰረ። በሎንግ ስም የተጠራው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ በታኅሣሥ 1935፣ በሞተ በሦስተኛው ወር ተከፈተ፤ ባቡርና መኪና ዛሬም ይሻገሩበታል።