ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጣና ውል

በአዲስ ከተማ በመርካቶ ገበያ ሁለት ሰዎች ባለቤቱ በሌለበት በሦስተኛው ሰው ሱቅ ላይ ቢዋዋሉ፥ ያንን ውል ብሎ የሚቀበል ነጋዴ አይገኝም። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ግን እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ በምድሯ ላይ ተጻጽፈው ተስማሙ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ኢጣልያ ልትደግፍ፥ ኢጣልያም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ እንግሊዝ ልትደግፍ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ቀጥሎም ስለ ጣና ግድብ እንዲነጋገሩ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ።

ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ ቻርለስ ማርቲን የሚል ስምም ወጣላቸው። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገለገሉ። ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው አዲስ አበባ ሲመጡ፥ ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ኋላም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ።

በ1920 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከጄ. ጂ. ኋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር መስማማታቸው ሲሰማ፥ ሎንዶንና ካይሮ ደነገጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ውል፥ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለማሠራት ቃል ገብተው ነበርና። ኩባንያው ጣናን አጠና፤ ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ስለ ወረረን ግድቡ በወረቀት ቀረ። ወርቅነህ በዚያን ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እሳቸውም በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተከፋፈሉ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ቢሆንም፥ ኢትዮጵያ በድርድሩ አልነበረችም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ክርክሩ አላበቃም።

የዛሬ ተማሪና ወጣት ሹም ከዚህ ሕይወት አንድ ነገር ይያዝ። ባለቤቱ በሌለበት የተጻፈ ውል ሰላም አያመጣም። ይህም ሚዛን ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ከዓባይ በቀር ሌላ ውሃ የለኝም ለማለት ለሚቃረበው የግብፅ ገበሬም ጭምር ነው።