የከተማ ዳርቻን እሑድ ያከበረው ሠዓሊ
የዦርዥ ሱራ አጭር የሕይወት ታሪክ

በከተማ መካከል የሚኖር ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲመለከት ብዙውን ጊዜ የሚታየው የፋብሪካ ጭስ፥ የባቡር ሐዲድና ሣሩ ገና ያልጠፋ ሜዳ ነው። ከተማም አይደለም፥ ገጠርም አይደለም ብሎ ይንቀዋል። ሠዓሊዎችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ታላላቅ ሸራዎቻቸውን የሚያውሉት ለነገሥታት፥ ለቅዱሳንና ለጦር ሜዳ ጀግኖች ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች አንዱ በ31 ዓመቱ የሞተው ፈረንሳዊ ዦርዥ ሱራ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱራ ዲሴምበር 2 ቀን 1859 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፍርድ ቤት ሹም የነበረና በቂ ሀብት ይዞ ከሥራ የተገለለ ሰው ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በለ ሬንሲ መንደር በነበረው ቤቱ ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ፓሪስ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበር። ስለዚህ የከተማ ዳርቻ ኑሮ ለሱራ ከቤቱ የጀመረ ነገር ነው ማለት ይቻላል። በለ ሬንሲ አካባቢም ድንጋይ ፈላጮችንና የማሳ ሠራተኞችን በትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ይሥል ነበር።

በ1878 ወደ ታወቀው የፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የጥንቱን የአሣሣል ሥርዓት ተማረ። ከዚያም በብሬስት ወደብ የአንድ ዓመት የውትድርና ግዳጁን ፈጽሞ ተመለሰ። የኬሚስትሩን ሊቅ የሼቭረልን መጽሐፍ አጥብቆ ስላጠና፥ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ ተረዳ።

በዚያ ዘመን ፓሪስ መልኳን እየለወጠች ነበር። ከ1853 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሌዎን ሦስተኛ ትእዛዝ ኦስማን የተባለው ሹም አሮጌዎቹን ሠፈሮች እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎች አወጣ። ከተማዋ አማረች፤ ነገር ግን የቤቱ ኪራይ ስለ ከበደው ብዙ ድሃ ሠራተኛ ወደ ዳር ተገፋ። ፋብሪካውም እንደዚሁ ወደ ዳር ወጣ። በዚህም ላይ ባቡሩ የሴንን ወንዝ ዳርቻ ለከተማው ሕዝብ ስላቀረበው፥ እሑድ በደረሰ ጊዜ ጸሐፊውም፥ ባለ ሱቁም፥ ሠራተኛውም ወደ አስኒየርና ወደ አካባቢዋ እየጎረፈ ሲዋኝ፥ ጀልባ ሲቀዝፍና ሲናፈስ ይውል ጀመር።

ከሱራ በፊት ክሎድ ሞኔና ጓደኞቹ ይህንን ኑሮ ሥለውት ነበር። ይሁን እንጂ የእነርሱ ሥዕል በአመዛኙ አነስተኛና የአንድን ቅጽበት ብርሃን የሚይዝ ነበር። ሱራ ግን ለነገሥታት ታሪክ ይውል የነበረውን ትልቅ ሸራ አንሥቶ ለዳርቻው ሰው ሰጠው። በ1884 የፈጸመው «ዋናተኞች በአስኒየር» የተባለው ሥዕል ቁመቱ 2 ሜትር፥ ስፋቱ 3 ሜትር ያህል ነው። በሣር ላይ የተቀመጡና ውሃ ውስጥ የገቡ ተራ ሰዎች በጸጥታ ይታዩበታል፤ ከበስተኋላቸው የባቡር ድልድይና የክሊሺ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ሱራ ጭሱን አልደበቀም፤ ሰዎቹንም አላዋረደም።

ሳሎን ይባል የነበረው የታላቁ ዓመታዊ ትርዒት ዳኞች ግን ሥዕሉን አልቀበልም አሉ። ወጣቱ ሠዓሊ ተስፋ ሳይቆርጥ፥ እንደ እርሱ ከተገፉት ሰዎች ጋር ባቆሙት ነጻ ትርዒት ላይ አቀረበው። በዚያም ቢሆን የተሰቀለው በመጠጥ መሸጫው ክፍል ነበር። ነገር ግን ቀኑ በከንቱ አላለፈም፤ የዕድሜ ልክ ወዳጁ የሆነውን ሠዓሊ ፖል ሲኛክን ያገኘው በዚሁ ማኅበር ነው።

በዚያው ዓመት ከአስኒየር ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ ግራንድ ዣት ደሴት እየተመላለሰ ሌላ ሥራ ጀመረ። ለዚህ አንድ ሥዕል ብቻ ወደ 60 የሚጠጉ ንድፎች አዘጋጀ። ሁለት ዓመት ደክሞ በ1886 ሲፈጽመው 50 ያህል ሰዎች የእሑድን ከሰዓት በኋላ ሲያሳልፉ ይታዩ ነበር፤ ጥላ የያዙ ወይዛዝርት፥ ወታደሮች፥ ሞግዚት፥ በገመድ የታሰረች ጦጣ፥ በመካከሉም ነጭ የለበሰች ትንሽ ልጅ። ቀለሙን በገበታ ላይ ከማደባለቅ ይልቅ በጥቃቅን ነጠብጣብ ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ራሱ ያዋሕደዋል። የዘመኑን ሰዎች በአቴና በፓርተኖን ቤተ መቅደስ እንደ ተቀረጹት ሰልፈኞች በክብር ለማሳየት ማሰቡን ለወዳጆቹ ነግሯቸዋል። ብዙ ተመልካቾች ግን የእንጨት አሻንጉሊት ይመስላሉ እያሉ ሳቁ።

ሱራ ዝምተኛና ሥርዓት አክባሪ ነበር። ልብሱ እንደ ቢሮ ሰው ንጹሕና ጠቆር ያለ ስለ ነበረ፥ ሠዓሊው ዴጋ የውል ጸሐፊ የሚል የቀልድ ስም አውጥቶለታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕዝብ የሚደሰትባቸውን የሙዚቃ ቤቶችና ሰርከስ ይሥል ነበር። የሰርከሱን ሥዕል ሳይጨርስ በድንገተኛ ሕመም ማርች 29 ቀን 1891 ሞተ። የአንድ ዓመት ሕፃን ልጁም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተከተለው። ሁለቱ ታላላቅ የወንዝ ዳር ሥዕሎች በሕይወቱ ሳለ ገዢ አላገኙም።

ዛሬ «ዋናተኞች» በለንደን ብሔራዊ ሙዚየም፥ የግራንድ ዣቱም ከ1926 ጀምሮ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1984 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ስለዚሁ ሥዕል የሙዚቃ ቴአትር ቀረበ። በ1986 በወጣው በጆን ሂዩዝ «ፌሪስ ቢዩለርስ ዴይ ኦፍ» ፊልም ደግሞ ከቺካጎ ዳርቻ የመጣ፥ ራሱን ለማወቅ የተቸገረ ወጣት ተማሪ በነጭ ለባሿ ልጅ ፊት ቆሞ፥ ፊቷ ነጠብጣብ ብቻ እስኪሆን ድረስ ትኩር ብሎ ሲያያት ይታያል። የአንድ ከተማ ዳርቻ እሑድ፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ከተማ ዳርቻ ልጅ መስተዋት ሆነው ማለት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሕይወት የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሱራ ትልቅ ሥራ ለመሥራት ሩቅ አገር አልሄደም፤ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ ሌላው የናቀውን ሥፍራ በትዕግሥት ተመለከተ። ዳኞች ገፉት፥ ሕዝብ ሳቀበት፤ እርሱ ግን በማግሥቱም ንድፉን ይዞ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። እኛም ከከተማው ዳር ያለውን ሠፈራችንን ከማፈር በፊት አንድ እሑድ ቆም ብለን እንየው።